ቀጭኑ ላፕቶፕ

«ስክሪኑ ያምራል አልኩ እንጂ ሌላው አያስፈልግም መች ወጣኝ?» አለ ይስሐቅ።

«አምሮ ከጋለ ምን ይሠራልናል?» አለች ትሕትና፣ የስልኳን መስታወት በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች። «እስቲ ውፍረቱን እየው። እንዲህ የሳሳ ነገር ውስጥ ያን የሚያህል ግራፊክስ ካርድ መክተት ሰውን ካፖርት አልብሶ ምድጃ ዳር እንደ ማስቀመጥ ነው።»

ወንድምና እህት ናቸው። የሚከራከሩት ሚዛን ተፈሪ፣ እናታቸው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ የምግብም የሥራም በሆነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ሁለቱም ከሥራ መልስ ጫማቸውን ሳያወልቁ ከትናንቱ ይቀጥሉታል። ሁለቱ ያጠራቀሙትን አንድ ላይ አድርገው አንድ ላፕቶፕ ሊገዙ ነው፤ ጌም የሚያስኬድ ብቻ ሳይሆን ጌም የሚሠራበት።

ጌሙ የራሳቸው ነው። ይስሐቅ ይስላል፣ ትሕትና ኮዱን ትጽፋለች። አንድ ሰውዬ በሐረግ ተንጠላጥሎ ትልቅ ዛፍ ላይ ይወጣና ከቀፎ ማር ይቆርጣል። ከላይ ንቡ ያብድበታል፣ ከታች አውሬ ይጠብቀዋል፣ በመሃል ዝናብ ይመጣና ሐረጉ ይሟልጫል። ሰውየው አባታችን ነው ብለው ለማንም አልተናገሩም። አንዲት ጎረቤት ግን አንድ ቀን በመስኮት በኩል አይታ፣ «ውይ፣ አረማመዱ ቁርጥ እሱን!» ብላ አልቅሳለች። አባታቸው ሸኮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅል ኖሮ፣ ከዛፍ ሳይወድቅ፣ በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ የሞተ ሰው ነበር።

ያስቸገራቸው ቅጠሉ ነው። ይስሐቅ ጫካውን የሳለው እንዳየው ነው፤ ሳያሳንስ፣ ሳያሳሳ። ትሕትና ደግሞ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ እንደ አንድ አንሶላ እንዳይነሳና እንዳይወድቅ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ የሚያደርግ ኮድ ጻፈች። ይህን ለማግኘት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅታለች። ከምታስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ትቆምና የዋንዛውን፣ የአቮካዶውን፣ የኮባውን ቅጠል በስልኳ ትቀርጻለች፤ ሰው፣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይላል። ውጤቱ ግን ሲታይ ዓይን ያስቀር ነበር። ነፋሱ ከግራ ይገባና ጫካው ውስጥ እንደ ወሬ ይሄዳል። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ይሰማል፣ ቀጥሎ መሃሉ፣ መጨረሻ ላይ ሥር ያለው ቡና።

አሮጌው ላፕቶፕ ግን ይህን አይችልም። ነፋሱ መሃል ጫካ ሳይደርስ ምስሉ ይንተባተባል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ከዚያ ድርግም።

አዲስ አበባ ውስጥ የአገር ልጆች የሠሯቸው ጌሞች ለሕዝብ የሚታዩበት ዝግጅት ሊካሄድ ነበር። አጭር ቪዲዮ ልከው ተቀባይነት አግኝተዋል። አሁን የሚጠበቅባቸው ሰው ቁጭ ብሎ ሊጫወተው የሚችል ነገር ይዞ መቅረብ ነው። ለዚህ ብላ ትሕትና ቴፒ የሚገኝ አንድ ባንክ ለሥራ ጠርቷት ሳትሄድ ቀርታለች። እናቷ ተቆጥተዋት ነበር፤ እሷ ግን፣ «ይስሐቅ ብቻውን አይጨርሰውም፣ እማ» ብላ ዘጋችው።

«ስሚ እንግዲህ፣» አለ ይስሐቅ ወንበሩን ወደ እሷ እያስጠጋ፤ «ሁለቱም ላይ ያለው ካርድ አንድ ነው። ስሙም አንድ፣ ሚሞሪውም አንድ። ታዲያ ቀጭኑን ብንገዛ ምን ይጎድልብናል?»

«ስሙን ተወው። ለካርዱ የሚሰጠውን ዋት፣ ኃይሉን ነው የምታየው። ወፍራሙ ካርዱን እስኪጠግብ ያበላዋል፤ ቀጭኑ እንዳይግልበት ብሎ ጦሙን ያውለዋል። ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ግማሽ።»

«ራሙስ? እኩል ነው።»

«እኩል ነው፤ ግን የቀጭኑ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ነገ ጫካው ሲሰፋ ልጨምር ብትል ከየት ትሰካዋለህ? የወፍራሙ ይነቀላል፤ ሁለት ቦታ አለው። ለሁለተኛ ዲስክም ቦታ አለው።»

«ቀለምስ? እኔ የምስለው በምን ዓይኔ ነው? የወፍራሙ ስክሪን አረንጓዴውን አመድ ነው የሚያስመስለው።»

ይህ እውነት ነበር፤ ትሕትናም አልካደችም። ሌላ ስክሪን በኋላ ከጎኑ ልንሰካለት እንችላለን፣ ግራፊክስ ካርድ ግን አይሰካም፣ አይጨመርም፣ የተገዛው የተገዛ ነው አለች። ማቀዝቀዣውን አነሳች፤ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ፣ ከኋላ ሰፊ መተንፈሻ። የሚዛንን ወበቅና የሳሎኑን ቆርቆሮ ጣሪያ አነሳች። እሱ ባትሪውን ሲያነሳባት ሳቀች።

«በባትሪ ጌም ተሠርቶ ያውቃል? መብራት ሲጠፋ ሻይ እንጠጣለን።»

«ክብደቱስ? ከነቻርጀሩ ጡብ ነው እኮ!»

«ክብደቱ ምን አገባን? ከዚህ ጠረጴዛ ወዴት ይሄዳል?»

ይስሐቅ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። እናታቸው ወይዘሮ ዓለምሸት ከጓዳ ጎደሬ እየላጡ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። «ለአንድ ዕቃ ይህን ያህል ከመረጥሽ፣ ባል ስትመርጪ እኔ በሕይወት አልደርስም» አሉ። ሦስቱም ሳቁ። ይስሐቅም እጁን አነሳ፤ «እሺ፣ ተሸነፍኩ። ወፍራሙ» አለ።

ሊገዛ የሄደው እሱ ነው። ትሕትና የተማሪዎች ፈተና ስለነበረባት መነቃነቅ አልቻለችም፤ ደግሞ አዲስ አበባ የሚያርፍበት ጓደኛ ያለው እሱ ነው። ቤኪ ይባላል፤ እዚያው ሰፈር አብሮት ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ የሜትር ታክሲ የሚነዳ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። የሞዴሉን ስም፣ ዋቱን፣ የራሙን ዓይነት አስጠንታዋለች፤ አውቶብሱ ሲነሳ በመስኮት ደግሞ ጠየቀችው፤ እንደ መዝሙር አነበነበላት።

ሱቅ ውስጥ ሆኖ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ትሕቱ፣ አገኘሁ!»

«ወፍራሙን?»

«አንድ ዓይነት ነው… ካርዱ ያው…»

«ከኋላው መተንፈሻ አለው? ገልብጠው እስቲ…»

ተቋረጠ። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም። አመሻሹ ላይ፣ «ገዝቻለሁ፣ ደስ ይበልሽ» የሚል መልእክት ደረሳት። ደስ አላት። እንቅልፍ ሳይወስዳት የጫካውን ሁለተኛ ክፍል ስታስብ አደረች።

ይስሐቅ ሲመጣ ላፕቶፑ በጀርባ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቦርሳው ያን ያህል የከበደ አይመስልም፤ በአንድ ትከሻው ብቻ አንጠልጥሎታል። ካርቶኑን ሲከፍተው ትሕትና መጀመሪያ ያየችው ቀለሙን ነው። ብርማ፣ የሳሳ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ። ወፍራሙ ጥቁር ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ያኛው አልቋል አሉኝ። ሻጩ ራሱ ይሄ ይሻላችኋል አለ። ካርዱ ያው ነው፣ እዪው።» ድምፁ ፈጠነ። «ስክሪኑን ብቻ እዪ፣ ከዚያ ተቆጪ።»

ከፈተው። እውነት ለመናገር አፏን ያስከፍታል። አባቷ የሚወጣበት ዛፍ ላይ እንደ ሽበት የተንጠለጠለው የዛፍ ጢም፣ ኮረሪማው፣ የእርጥቡ አፈር ጥቁረት፣ ሁሉም ከመስኮቱ ውጭ ካለው የበለጠ እውነት መሰለ። ወይዘሮ ዓለምሸት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጥተው፣ «ጌታ ይባረክ» አሉ። ትሕትና ነፋሱን ለቀቀችው። ነፋሱ ከግራ ገባ፣ ጫፍ ጫፉን ነካ፣ መሃል ደረሰ፣ ሥር ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየችው። እንባዋ መጣ፤ ቁጣዋን ዋጠች።

ከዚያ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። የቁልፎቹ ሰሌዳ ጋለ። ምስሉ መንተባተብ ያዘ፤ ነፋሱ መሃል ጫካ ላይ እንደ አንካሳ ቆመ። ትሕትና የካርዱን ዋት የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፈተች። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ፣ ከወፍራሙ ግማሽ በታች ሆኖ ተቀምጧል።

«መመለስ ይቻላል?»

«አንዴ ከተከፈተ አይመልሱም» አለ ይስሐቅ፤ ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ።

የሆነው ሆኗል ብላ ከማሽኑ ጋር ትግል ገጠመች። አናጢ ቤት ሄዳ ሁለት የእንጨት ቁራጭ አስቆረጠችና ከሥሩ አስገባች፤ ትንሽ አገገመ። የጠረጴዛ ማራገቢያ ከጎኑ ደቀነች። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ኃይል ቀንሳ ለካርዱ አደላች፤ ደግሞ ትንሽ አገገመ። ራም ልጨምር ብትል የተበየደ ነው። መጨረሻ ላይ የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ጫካውን ማሳሳት።

መጀመሪያ ሩቅ ያሉትን ዛፎች አወጣች። ሰው አያያቸውም ብላ። ቀጥሎ የመሃሉን። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራን ልምምድ ሲሄዱ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ዛፍ ትቆርጣለች። አንዱን ስትነቅል ማሽኑ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ሌላውን ስትነቅል ትንሽ ይተነፍሳል። ቅጠሉ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጡን ትታ በቡድን በቡድን አደረገችው። አባቷ አሁን የሚወጣው ሜዳ ላይ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሆነ፤ አውሬው የሚደበቅበት አጥቶ ከርቀት ይታያል። ይስሐቅን ጠርታ ስታሳየው፣ «ይበቃል፣ ሰው አያስተውለውም» አለ። የሳለው እሱ ነው፤ ያን ሁሉ ዛፍ አንድ በአንድ የሳለው። ያ አነጋገሩ ገርሟት ቆየ፤ ግን ደክሟት ነው ያለፈችው።

ለገና ቤኪ ከአዲስ አበባ መጣ። ሊጠይቃቸው ሲገባ ይስሐቅ አልነበረም። ባነርና የሱቅ ማስታወቂያ የሚያትም ቤት ስለሚሠራ የበዓል ሰሞን ፋታ የለውም። ቤኪ የቀረበለትን ዳቦ እየቆረሰ ላፕቶፑን አየና ሳቀ።

«ይቺን ነገር ስንመርጥ ያየሁትን አበሳ! አንቺ ደግሞ ያንን ጥቁር ግንድ ነበር የመረጥሽለት አሉ።»

«አልቋል ብለውት ነው እንጂ ያንን ነበር የምንፈልገው።»

«የምን ማለቅ? ጥቁሩንም እኔ እኮ ነኝ ተሸክሜ የመዘንኩት። ይስሐቅ፣ ይሄን ይዤ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስጋፋ ወገቤ ሊቆረጥ ነው አለ፤ ሳቅን።»

ትሕትና የዳቦውን ሳህን ወደ እሱ እያስጠጋች እጇ ቆመ። «የትኛው ታክሲ?»

ቤኪ የምታውቅ መስሎታል። «ሥራ ሲጀምር ነዋ። የአኒሜሽን ስቱዲዮው ያለው ቦሌ፣ የሚያርፍበት የእኔ ቤት አያት። የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ና ብለውታል።» ፊቷ ሲለወጥ አላስተዋለም፤ ጓደኛውን ማሞገሱ ነው። «ወንድምሽ ደግሞ አንበሳ ነው! ያቺን የጫካ ቪዲዮ ሲያሳያቸው እኔ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ቅጠሉን እንዲህ ማን አንቀሳቀሰው ሲሉት፣ እኔ፣ ብቻዬን ሲላቸው፣ ተነስተው ጨበጡት።»

ትሕትና የሻይ ብርጭቆውን አነሳችና ጓዳ ገባች። ቆይታ ስትመለስ ቤኪ ዳቦውን ጨርሶ ስልኩን ያያል። ደህና ሁን አለችው፤ በር ድረስ ሸኘችው። ከዚያ ጃንጥላም ሳትይዝ ወደ ማተሚያ ቤቱ ወረደች።

ይስሐቅ የአንድ ሥጋ ቤት ባነር ደጃፍ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ይቆርጣል። ሲያያት ቀና አለ፤ ከፊቷ ነገሩን ያነበበ መሰለ፤ መቀሱን አስቀመጠ።

«ቤኪ መጣ አይደል?»

«መጣ።»

«ልነግርሽ ነበር፣ ትሕቱ።»

«መቼ?»

«ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ። ሥራሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ።»

«ሥራዬን!» አለችና ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። «ዛፉን ሁሉ ስነቅል እኮ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ይበቃል አልከኝ። ያንተ ሐሳብ ከመጀመሪያውም እዚያ ስላልነበረ ነው የበቃህ።»

«ጌሙ አያበላንም። አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ የሥጋ ቤት ባነር ስቆርጥ ላርጅ?»

«ሂድ። ሥራ ስታገኝ ማን ከለከለህ? እኔ እሸኝህ ነበር፣ ቦርሳህን እሸከምልህ ነበር።» ዝናቡ ባነሩ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል፤ ማንም አላነሳውም። «ቅጠሉን ማን ሠራው ሲሉህ ምን አልካቸው?»

ይስሐቅ ያስቀመጠውን መቀስ መልሶ አነሳ።

«ምን አልካቸው ነው ያልኩህ፣ ይስሐቅ።»

«እኔ አልኩ።»

አፉን ሊከፍት ፈለገ፤ ከንፈሩ ሲላወስ አየችው። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ «ይቅርታ» አለ። ትሕትና ብትመታው ደስ ይላት ነበር፤ እጇን አላነሳችም።

ቤት ስትገባ ወይዘሮ ዓለምሸት በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ቤኪ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ኖሯል።

«ቀስ ብለን ልንነግርሽ ነበር፣ ልጄ።»

«ልንነግርሽ? አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እናት አይደለሁ? ለወንድምሽ በሩ ሲከፈትለት ልዝጋበት?»

ያን ቀን ትሕትና ሦስት ሰው ከሚኖርበት ቤት ውስጥ የማታውቀው እሷ ብቻ እንደነበረች ገባት። ማሽኑ የተመረጠው ለጠረጴዛው አልነበረም፤ ለታክሲው ነበር። ስክሪኑ ለሚስለው፣ ቅለቱ ለሚሄደው፣ ባትሪው ከቤት ውጭ ለሚውለው። ለእሷ የተመረጠ አንድም ነገር አልነበረበትም። እሷ ስለ ዋትና ስለ ራም ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትከራከር እሱ እሺ ያላት ለመገላገል ነበር።

ለዝግጅቱ አዘጋጆች አንቀርብም ብላ ጻፈች፤ ምክንያት አልሰጠችም። ይስሐቅ ከመሄዱ በፊት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ «ግማሹ ያንቺ ነው፣ ላንቺ ይሁን፣ እኔ እዚያ እንደምንም እሆናለሁ» አላት። ከልቡ ይሁን አይሁን መለየት አልቻለችም።

«ውሰደው። እኔ አልመረጥኩትም።»

ፋይሎቹን ገልብጣ ከማሽኑ ላይ አጠፋችና ሰጠችው። በሄደ ጊዜ መናኸሪያ አልሸኘችውም። እናቷ ጎረቤት አስከትለው፣ ዳቦ ጠቅልለው፣ ጸልየውለት ሸኙት።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ብዙም ሳይነጋገሩ ከረሙ። እሑድ እሑድ ይስሐቅ ይደውላል፤ ወይዘሮ ዓለምሸት ስልኩን ወደ እሷ ይዘረጋሉ፤ ትሕትና፣ «ደህና ነኝ» ብላ ትመልሰዋለች። ጌሙን ከፍታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የነቀለቻቸውን ዛፎች ልመልሳቸው ብላ አሮጌውን ላፕቶፕ አበራች፤ ሳይከፍት ጠፋባት። አልደገመችውም። ባንኩን ጠየቀች፤ ቦታው ከተያዘ ቆይቷል። የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ቴፒ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር አስተማሪ ይፈልጋል ሲባል ሰማች፤ አመለከተች፤ ተቀበሏት። እናቷ ሲሰሙ አልጋ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። «አንቺም?» አሉ።

ቴፒ ከሚዛን ይሞቃል። የተከራየችው ክፍል ከኋላው ቡና ማስጫ አለው፤ በወቅቱ የእሸት ቡና ሽታ ትራሷ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቀን ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ልብሷን ታጥባለች። ሰው ቀርቧት ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቃት፣ «እናቴ ሚዛን ናት» ብቻ ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ዓለምሸት መጡ። ሳይደውሉ ነው የመጡት፤ እምቢ እንዳትላቸው። በዘንቢል አቮካዶ፣ ጎደሬና ኮረሪማ ይዘዋል። ትሕትና ልብስ ማስጣቱን ትታ አቀፈቻቸው። ከስተዋል፤ ትከሻቸው እጇ ውስጥ አነሰባት። አስገብታ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ ሰጠቻቸው። እሳቸው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ግድግዳውን፣ አንዷን ወንበር፣ የተዘጋውን መስኮት።

«ይስሐቅ ቀለበት ሊያስር ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንኳን ደስ ያለው።»

«ዮሃና ትባላለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ እዚያው አብራው የምትሠራ። ቤተሰቦቿ ቤት ነው ሥነ ሥርዓቱ። ከእኛ ወገን ማን አለ? እኔና አንቺ ነን።»

«አልመጣም፣ እማ።»

«የአንድ እናት ልጆች በኮምፒውተር ይቆራረጣሉ?»

«በኮምፒውተር አይደለም።»

«በምንድነው ታዲያ? ላፕቶፑን እንደሆነ ይተካልሻል። አንቺ የመረጥሽውን ዓይነት፣ ከእሱም የበለጠ ልላክላት ብሎኝ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ትሕትና ከደጅ ያስገባችውን እርጥብ ነጠላ ማጠፍ ጀመረች። እርጥብ ነገር አይታጠፍም፤ ግን አጠፈችው። «ያንን ቅጠል ስሠራ አንቺ አይተሽኛል። መንገድ ዳር ቆሜ እንደ እብድ ስቀርጽ። ማን ሠራው ሲሉት እህቴ ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? አንድ ቃል ናት። ስሜን ቢጠራ ምን ይጎዳው ነበር?»

ወይዘሮ ዓለምሸት የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙ። ውጭ አንድ ሰው የተሰጣ ቡና በእግሩ እየገለበጠ ሲሄድ ይሰማል።

«እኔ ነኝ አትጥራት ያልኩት» አሉ።

ትሕትና አልገባትም። «ምን?»

«ላፕቶፑን ሊገዛ ሲነሳ ነው የነገረኝ። እማ፣ ሰዎቹ ጠርተውኛል፤ ኮድ የሚጽፍም ሰው አጥተዋል፣ ስለ ትሕቱም ልነግራቸው ነው፣ ሁለታችንንም ይወስዱናል ብሎ እየዘለለ።» ከውሃው ተጎነጩና ቀጠሉ። «አባታችሁ ሄደ። እሱ ሊሄድ ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ እሷን ተውልኝ አልኩት። አንድ ልጅ ተውልኝ። ስሟን ከሰሙ ይጠሯታል፣ ከጠሯት ትሄዳለች። አትጥራት አልኩት።»

ትሕትና ነጠላውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልትጮህ ነበር፤ የእናቷን ጠባብ ትከሻ ስታይ ተወችው። ይስሐቅ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከንፈሩ ሲላወስ ታያት። ሊላት የነበረው ይሄን ነበር፤ እናቱን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ዋጠው። ልታዝንለት ሞከረች። ከዚያ አንድ ነገር ከነከናት።

«እሱስ እሺ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ወዲያው?»

እናቷ አሰቡ። መዋሸት የሚችሉ ሰው አልነበሩም፤ ዝም ማለት እንጂ። «ትንሽ አሰበ» አሉ።

«ትንሽ።»

«አዎ። ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ቀጭኗን እገዛለሁ እንግዲህ አለ።»

ትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ እናቷ የለመኑት ስሟን እንዳይጠራ ነበር፣ እኔ፣ ብቻዬን ያለው ግን እሱ ራሱ ነው። እናቷ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጉልበቷን ነኩ፤ እሷም እጃቸውን አላራቀችውም፣ አልያዘችውምም።

«ይኸው አንቺንም አጣሁ» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት። «ያንን ሁሉ አድርጌ ይኸው ባዶ ቤት ውስጥ ነኝ። እግዚአብሔር ቀጣኝ።»

ትሕትና፣ «አልቀጣሽም» ማለት ነበረባት። ሌላ ልጅ ብትሆን ትል ነበር፤ እሷም ድሮ ብትሆን ትል ነበር። አቮካዶዎቹን ከዘንቢሉ አንድ በአንድ አውጥታ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። ያልበሰሉትን ለብቻ አደረገች። ምሳ ሠራች፤ ሁለቱም ጥቂት ቀመሱ። ወይዘሮ ዓለምሸት ከመነሳታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ጸለዩ፤ ይስሐቅን ጠሩ፣ ዮሃናን ጠሩ፣ ትሕትናን ሁለት ጊዜ ጠሩ። ትሕትና፣ «አሜን» አለች።

መናኸሪያው ድረስ በባጃጅ ሄዱ። የሚዛን ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል።

«ትመጪያለሽ ታዲያ?» አሉ እናቷ፣ እግራቸውን መረገጫው ላይ አድርገው። «አሁን ሁሉንም ሰማሽ። በእኔ እንጂ በእሱ አትያዢ።»

«ግቢ እማ፣ ቦታ ይያዝብሻል።»

ገቡ። መስኮት ዳር ተቀመጡና መስታወቱን ሊከፍቱ ታገሉ፤ አልከፈት አላቸው። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ትሕትና አልሰማችውም፤ የሰማች መስላ እጇን አወዛወዘች። ሚኒባሱ ሞላና ተነሳ። እሷ በእግሯ ተመለሰች። ያልደረቀው ልብስ እንዳለ ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ አስገባችውና በሯን ዘጋች።